ለበረዶ ወቅት ሥራ ስዊዘርላንድ እንልካለን ለሚለው ቢሮ እንዳትከፍሉ

ከቢሮው ከወጣሁ ገና ግማሽ ቀን አልሞላኝም፤ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ባሕር ዳር ውስጥ «ለአውሮፓ የበረዶ ወቅት ሠራተኛ እንልካለን» እያለ የሚመዘግበውን ቢሮ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ነገ ስሙን ቀይሮ ሌላ ፎቅ ላይ ይከፍታል። አሠራሩንም ታውቁታላችሁ፦ መጀመሪያ ቡና፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የተራራ ፎቶ፣ ከዚያ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» የምትለው።

እኔ ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት እያመላለስሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ጎብኚ ሲጠፋ ሞተሩን በ230 ሺህ ብር ሸጥሁና 210 ሺሁን ቆጥሬ ለእነዚህ ሰዎች ሰጠሁ። ጀልባዋ አሁን ደንገሉ አጠገብ ቆማ ፀሐይ ይመታታል።

የተባልሁት ይህ ነው፦ ዘርማት በምትባል ከተማ፣ ማተርሆርን ከሚባለው 4,478 ሜትር ተራራ ሥር፣ የበረዶ ተንሸራታቾችን ሽቅብ የሚያወጣውን የገመድ ወንበር መቆጣጠር፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ። ከፍታው እንዳይከብደኝ ብጠይቅ «ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ዘርማት ከተማዋ ከዚህ ዝቅ ትላለች» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ይህ እውነት ነው። እንዲህ ያለውን እውነት እየነገረኝ ነው የቀረውን ሁሉ ያሳመነኝ። ሦስት ቀን «ስልጠና» ብለው በተከራዩት አዳራሽ ቪዲዮ አሳዩን፤ ለእሱም ከገንዘቡ 15 ሺህ ተቆርጧል። የሱፍ ጓንት አደሉን። ባለቤቴ ጓንቱን በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር።

ዛሬ የጉዞ ቀኔን ለመስማት ሄድሁ። በሐምሌ ስመዘገብ «ይቀመጡ፣ ቡና ይጠጡ» ትለኝ የነበረችው ጸሐፊ ቀና ብላ አላየችኝም። «ማነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ ሆኖ። «ያ ባለ ጀልባው» አለች። ወጣ፤ መሳቢያውን ሳበና በላስቲክ የታሰሩ ብዙ ፓስፖርቶች አወጣ፤ የእኔን ከመካከል ፈልጎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። «ቪዛው አልተሳካም።»

ፓስፖርቱን ስከፍት አራቱ ጉርድ ፎቶዎቼ በሐምሌ ራሴ ባያያዝሁበት የወረቀት መያዣ እንደተያዙ አሉ። አራቱም። መያዣው ዝጎ ሽፋኑ ላይ ቡናማ መስመር ሠርቷል። አንዲት ገጽ እንኳ አልተነካችም። ለአራት ወር «ዶሴህ ኤምባሲ ነው» እያሉኝ ፓስፖርቴ ከዚያች መሳቢያ አልወጣም ማለት ነው።

ገንዘቤን ስለው «ደረሰኙን አንብብ» አለኝ። «ለማማከር አገልግሎት፣ የማይመለስ» ይላል። በእጄ ነበር፣ አራት ወር ሙሉ ቤቴ ነበር፤ ቁጥሩን እንጂ ከቁጥሩ በላይ ያለውን አላነበብሁም። ለቪዛና ለትኬት ነው የከፈልሁት አልሁት። ሰው በተቀመጠበት፣ ጸሐፊዋ እየሰማች፣ «አንተ ጀልባ ነጂ አይደለህም? ከአውሮፓ ማን ይጠራሃል?» አለኝ። እንጀራዬን ሸጬ ካመጣሁለት ገንዘብ ይልቅ ይህች ንግግሩ ታንገበግበኛለች።

ወጥቼ አውሮፓ ለሚኖር ዘመዴ ደወልሁ። የመጀመሪያ ጥያቄው «አሻራ ሰጥተሃል?» የሚል ነበር። ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ስዊዘርላንድም ላለችበት ለአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ መጀመሪያ የሚያመለክት ሰው ራሱ ቀርቦ አሻራ ይሰጣል። እኔን አዲስ አበባ የጠራኝ የለም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅሁም። ይሰጣችኋል ያሉን የጉብኝት ቪዛ ቢገኝ እንኳ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ የሚያስቆይ፣ ሥራም የማይፈቅድ ነው፤ ወቅቱ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። «የሆቴሉ መኪና ከአየር ማረፊያ ተቀብሎ በር ድረስ ያደርሳችኋል» ተብለን ነበር። ዘርማት ውስጥ የነዳጅ መኪና አይገባም፤ ሰው የሚገባው በባቡር ነው። ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ኤጀንሲ ሠራተኛ መላክ የሚችለው ከአገራችን ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት ወዳላቸው አገሮች ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረትም የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። ለሁለቱ ከተጠየቃችሁ አትክፈሉ፤ ቢሮው ሠራተኛ የመላክ ፈቃድ እንዳለውም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቁ። እኔ ነገ ደረሰኙን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።

ያንን የሦስት ቀን ስልጠና አብረን የወሰድን፣ በዚያ ላስቲክ ውስጥ ያየኋቸው ፓስፖርቶች የእናንተ ናቸው። ቢሮው ሳይዘጋ በጠዋት ሂዱና ተቀበሉ፤ ስትከፍቱትም ፎቶዎቻችሁን ተመልከቱ።