ፕሮክስሞክስ ወይስ ኢኤስኤክስአይ? ለአንድ ሰርቨር የቱ ይሻላል?

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ ሰርቨር ገዛ እንበል። የሂሳብ ሶፍትዌሩም የፋይል ማከማቻውም በዚያው ላይ ሊሠሩ ነው። ፕሮክስሞክስም የቪኤምዌሩ ኢኤስኤክስአይም አንዱን ሰርቨር ከፋፍለው እንደ ብዙ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚያሠሩ ሶፍትዌሮች ናቸው።

ዋጋ፦ ፕሮክስሞክስ ክፍት ምንጭ ነው፤ ሳይከፈልበት ሙሉ ሥራ ይሠራል። የኢኤስኤክስአይ ነፃ ቅጂ በ2024 እ.ኤ.አ. ተቋርጦ በ2025 ተመለሰ። ይህ መለዋወጥ ያሳስበኛል።

ሃርድዌር፦ ሪልቴክ የኔትወርክ ካርድ ያለው ተራ ኮምፒውተር ላይ ኢኤስኤክስአይ ብዙ ጊዜ ካርዱን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ፕሮክስሞክስ በዴቢያን ሊኑክስ ላይ ስለተሠራ ብዙም አይቸገርም።

መብራት፦ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ፕሮክስሞክስ ሁለት ዲስኮችን ዜድኤፍኤስ በሚባል የፋይል ሥርዓት ያጣምራል፤ መብራት በድንገት ቢጠፋ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሥራ ሊጠፋ ይችላል እንጂ የፋይል ሥርዓቱ አይበላሽም። ራም ግን ይወስዳል። ኢኤስኤክስአይ የራሱ ሶፍትዌር ሬይድ (ዲስኮችን የማጣመሪያ ዘዴ) ስለሌለው ባትሪ ያለው የሬይድ ካርድ ይፈልጋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ለሁለቱም የግድ ነው፤ በድሬ ሙቀት ባትሪው ቶሎ ስለሚደክም በየጊዜው ይፈተሽ። ፕሮክስሞክስ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ አንብቦ ራሱን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል።

ብልሽት፦ ፕሮክስሞክስ ላይ ቨርቹዋል ማሽኑ አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሰርቨሩ ባዮስ (ሲበራ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን እዩ። አዲስ ካርድ ከተሰካ በኋላ ኔትወርክ ከጠፋ የካርዱ ስም ተቀይሮ ይሆናል፤ የብሪጁን (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከካርዱ የሚያገናኘውን) ፋይል አስተካክሉ።

የታወቀ ብራንድ ሰርቨርና ቪኤምዌር የለመደ ባለሙያ ካላችሁ ኢኤስኤክስአይ ይመቻል። ተራ ማሽንና ጠባብ በጀት ከሆነ ፕሮክስሞክስ።