ሰልባጅ ከሱቅ ወይስ ከገበያ?

አንኮበርን ልታዩ ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ከያዛችሁ (ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት)፣ ሹራብ መፈለጋችሁ አይቀርም።

ዋጋ፦ ገበያው ይረክሳል። ሱቅ አጥቦና ተኩሶ ስለሚሰቅል ይጨምራል።

መለካት፦ ሱቅ መስታወት አለ። ገበያ ላይ ክምሩን ጎንበስ ብሎ መበርበር፣ ከዚያ በግምት ነው።

ስጋት፦ ከገበያ የገዛሁት ጃኬት ቤት ስደርስ ብብቱ ተተርትሮ፣ ዚፑም ግማሽ ላይ ተነክሶ ቀረ። የሱቋ ልጅ ግን "እህቴ፣ ካልሆነሽ መልሺው" አለችኝ፤ ስመልስም ፊቷ አልጠቆረም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የመንዝ በርኖስ ከሆነ የትም ግዙት፣ ብቻ ብል እንዳልበላው ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩ።

ጊዜ ላለውና መርፌ ለለመደ ገበያ፣ ለመንገደኛ ሱቅ።