ጋሼን እናመሰግናለን፤ የምርምር ቡድን የምትገቡ ልጆች አግኟቸው

አራት ኪሎ ባዮሎጂ ላብራቶሪ በቴክኒሻንነት ለሚያገለግሉት፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ለሚላቸው ሰው ከልብ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም። ዘንድሮ ማስተርስ ጀምራችሁ የምርምር ቡድን የምትቀላቀሉ ግን ፈልጋችሁ አግኟቸው። አማካሪዎች ከተማሪ የሚጠብቁትን፣ ቁጭ ብለው ግን የማይነግሩትን ነገር በእጅ እያስያዙ ያስተምራሉ።

አማካሪ ገና ካልያዛችሁ፣ ልትጠይቁት ካሰባችሁት መምህር የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ሁለቱን አንብባችሁ ሂዱ። የትኛው ሥራ እዚሁ እንደሚሠራ፣ የትኛው ናሙና ወደ ሌላ ቦታ እንደሚላክ ያሳዩዋችኋል። ለመምህሩ ስትጽፉ የሚያስፈልገው ረጅም ውዳሴ አይደለም፤ የትኛው ጥያቄ እንደሳባችሁና በሳምንት ስንት ሰዓት ላብ መገኘት እንደምትችሉ በግልጽ ጻፉ።

ላብ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ደብተር ነው፤ የተጠረዘ፣ ገጹ ቁጥር ያለው፣ በእስክሪብቶ ብቻ የሚጻፍበት። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዝና ቀንና ፊርማ ይደረግበታል፤ በፍሉይድ አይሸፈንም፣ ገጽም አይቀደድም። የሪኤጀንቱ (ለሙከራው የሚውለው ኬሚካል) ሎት ቁጥር፣ ማለትም የምርት ዙሩ መለያ፣ ሳይቀር ይመዘገባል። ከስድስት ወር በኋላ ውጤቱ አልደገም ሲል አማካሪው የሚከፍተው ያንን ገጽ ነውና።

ቀጥሎ ፒፔት፣ ጥቂት ፈሳሽ በልክ የሚቀዳበት መሣሪያ። መጀመሪያ በውኃ ብቻ ነው የሚያለማምዱት። 100 ማይክሮሊትር ውኃ 0.1 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ተማሪው አሥር ጊዜ እየቀዳ በሚዛን ያየዋል። ቁጥሮቹ ከተበታተኑ ብዙውን ጊዜ ችግሩ እጅ ነው፤ ሁሉም ተቀራርበው ዝቅ ካሉ ግን ፒፔቱ ይፈተሻል። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ሲቀዳ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ በመጫን ነው፤ ያኔ ከተፈለገው በላይ ይቀዳል። አውራ ጣቱን ቶሎ ከለቀቀ ደግሞ አየር ይገባበታል።

ፒሲአር (ዲኤንኤን በማሽን የማባዛት ሥራ) ላይ ያላቸው ጥንቃቄ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ለ10 ናሙና ድብልቅ የሚሰላው ለ10 አይደለም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ኮንትሮል (ውጤት መስጠት ያለበትና የሌለበት ማመሳከሪያ ቱቦ) ሲጨመሩ 12፣ ቲፕ (የፒፔቱ ጫፍ) ላይ ለሚቀረው አንድ ሲታከል 13 ይሆናል። እያንዳንዱ ቱቦ 25 ማይክሮሊትር ሆኖ 2ቱ ዲኤንኤ ከሆነ፣ የሚዘጋጀው 23 በ13፣ ማለትም 299 ማይክሮሊትር ነው። ኔጌቲቩ ላይ ባንድ (ዲኤንኤ መባዛቱን የሚያሳይ መስመር) ከታየ የቀሩት ናሙናዎች ምንም ያህል ቢያምሩ ለአማካሪ አይቀርቡም፤ ውኃው ወይም ፕራይመሩ (ማባዛቱን የሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ) ተበክሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕራይመር በመጣበት ቀን በትንንሽ ቱቦ ይከፋፈላል። አንዱ ቢበላሽ የሚጣለው እሱ ብቻ ነው። ቱቦው ላይ በተራ ማርከር የተጻፈ ኢታኖል ሲነካው ስለሚለቅ፣ ክዳኑም ጎኑም ላይ በማይለቅ ማርከር ይጻፍበታል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘር አይከፈትም፤ የጠፋበት ሰዓት በሩ ላይ ይለጠፋል። ማሽን ላይ የነበረ ሥራም የተቋረጠበት ደቂቃ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ይህን የደበቀ ተማሪ ሳምንት ሙሉ የማይገባው ውጤት ሲያሳድድ ይከርማል። አማካሪ የተበላሸ ሙከራ አያስደነግጠውም፤ የሚያስቀይመው ዘግይቶ መስማቱ ነው። በየሳምንቱ ስብሰባ አንድ ምስል ወይም ሠንጠረዥ፣ ያልሠራውን ነገርና ቀጥሎ የሚሞከረውን ይዛችሁ ግቡ።

ፕሮፖዛላችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የሪኤጀንት ዝርዝራችሁን ለጋሼ አሳዩ። ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ መደርደሪያ ላይ ያለውንና ጊዜው ያለፈበትን ለይተው ይነግሯችኋል። ከሰው የሚወሰድ ናሙና ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቃድ ደብዳቤ ሳይደርስ ፍሪዘራቸው ውስጥ አይገባም፤ አትለምኗቸው።

ጠዋት ኦቶክሌቩን (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነውን ማሽን) ከማስነሳታቸው በፊት ብትሄዱ ጊዜ አላቸው። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።