«አልሸጥልሽም» ላሉኝ መኖ ሻጭ ምስጋና

ኮተቤና አካባቢው ላም የምታረቡ ጎረቤቶቼ፣ ይህቺን አንብቡልኝ።

በመኖ ያልተቃጠልኩበት ቦታ የለም። ፉርሽካ ብዬ ገዝቼ ሰጋቱራ ተቀላቅሎበት አገኘሁት። ላሚቱ አሽትታ ፊቷን አዞረች፤ ከኔ ቀድሞ ለሷ ገብቷታል። የከሰሉስ ነገር አይነሳ! ከላይ የግራር ጉማጅ፣ ከሥር ድቃቂና አፈር። ብመለስ «እንደመጣ ነው የሸጥነው» ብለው አፌን አስያዙኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ የእጃቸውን ይስጣቸው።

አንዲት ጎረቤቴ ናት አሁን ወደማመሰግናቸው መኖና ከሰል ሻጮች የመራችኝ። ቤቱን የጀመሩት አያትየዋ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ደጃፋቸው ላይ ከሰል በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጡ ነበር። ባለጋሪዎች «ለፈረሱም የሚሆን ነገር ያዙ እንጂ» እያሉ ሲጨቀጭቋቸው ጭድና ፉርሽካ ጨመሩ። ዛሬ የሚሠሩት ልጃቸው ጋሼና ሴት የልጅ ልጃቸው ናቸው። ፋጉሎ (ከቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) በሉት፣ ድርቆሽ በሉት፣ አሞሌ በሉት፣ ሁሉም አለ።

ባለፈው ክረምት ፋጉሎ ልገዛ ሄድኩ። ብሩን አውጥቻለሁ። ጋሼ ከክምሩ አንድ ቁራጭ ሰብረው አሸተቱ። ለልጅቷም ሰጥተው አስሸተቷት። ከዚያ «ይሄን አልሸጥልሽም፣ እርጥበት ነክቶታል» አሉኝ። ያ ሁሉ ክምር!

በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ ተብሎ የተወራውን ታስታውሱ ይሆናል። ያኔ ጣት የተቀሰረው የኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። የሻጋታ መርዝ ነው አሉ፤ ላሟ ስትበላው ወደ ወተቷ ያልፋል። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ አላውቅም። ጋሼ ግን እርጥበትና ሻጋታ የነካውን በአፍንጫቸው ያውቁታል። ፉርሽካና ጭድ አስጭነውልኝ «ሒሳቡን አዲስ ፋጉሎ ሲገባ» ብለው ሸኙኝ። በዱቤ፣ ያውም ገና በቅጡ ሳያውቁኝ! አዲሱ ሲገባ ልጅቷ ራሷ ደወለችልኝ።

ከሰልም ቢሆን ሲባጎውን ፈትተው፣ ማዳበሪያውን ገልብጠው እስከ ሥሩ ያሳያሉ። ለበዓል ቡና የገዛሁት ሳይጨስ ነው የተያያዘው።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጅቷንም ይባርክልኝ። እናንተም ሂዱ፣ ግዙ፣ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። አቅጣጫውን በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ብቻ በጠዋት ድረሱ፣ ፋጉሎው ቶሎ ያልቃል። ባዶ ማዳበሪያም ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱን ለብቻው ያስከፍላሉ፣ በዚህ እንኳ አልተስማማንም።