እማዬ «ውሃ አምጪ!» ያለችበት ቀን፦ ለአንዲት እህታችን ምስጋና

ሰላም ወገኖቼ። እንዲህ ያለ ጽሁፍ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ይሄንንም ስጀምረው ስተወው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ግን ውለታ በልቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ደግሞ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ማዶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እንደኔ ጭንቅ ይዞት የተቀመጠ ስንት ሰው አለ።

እማዬ 81 ዓመቷ ነው። ከጎጃም የመጣችው የልጅ ልጆቿን ልታሳድግ ነበር፤ አሳደገችልን። እነሱ ትምህርት ቤት ሲገቡ እሷ ሳሎን መስኮት ሥር ቀረች። መጀመሪያ ጀበናውን ምድጃ ላይ ትረሳ ጀመር። ቆይቶ ወንድሜን በሟች አጎታችን ስም ትጠራው ጀመር። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ጅማሬ ነው አለን።

መጀመሪያ ያስገባናት የአረጋውያን መዋያ (ስሙን ተዉት) ቫን ልኮ ይወስዳታል፣ ቫን ልኮ ይመልሳታል። ደስ ብሎን ነበር። አንድ ቀን ሳልደውል ብሄድ ሁሉንም ቴሌቪዥን ፊት ደርድረዋቸዋል። እማዬ ፊት የሕፃናት ሥዕል ወረቀት ተቀምጧል፤ ዳክዬ! ሰባት ልጅ ያሳደገች፣ በሰፋችው መሶብ አገር ሲያወራላት የኖረች ሴት ዳክዬ ቀለም ቀቢ ተብላለች። ምነው ብል «አርት እያሠራናቸው እኮ ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ነጠላዋን ጥለው «ይዛ አልመጣችም» ብለው ተከራከሩኝ። ስለሱ ከዚህ በላይ አላወራም፤ ደሜ ይፈላል።

ይቺን እህታችንን የጠቆሙኝ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ አረጋውያንን ሰብስባ ስፌት፣ ፈትልና መዝሙር ይዛላቸው ትውላለች። የመጀመሪያ ቀን እማዬ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ቁጭ አለች። ልጅቱ «ይሥሩ» አላለቻትም። አጠገቧ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፣ ከሀገር ቤት የመጣ የስፌት ሣር፣ አክርማና ቀይ አለላ ዘረጋች፣ ወስፌዋን አንስታ ራሷ መስፋት ጀመረች። ሆን ብላ ይሁን ሳትችል እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፣ ብቻ ታበላሸዋለች። እማዬ አየቻት፣ አየቻት። ከዚያ ያ እጅ ከነጠላው ወጣ። አለላውን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄማ ደርቋል፣ ይሰበርብሻል። ውሃ አምጪ!» አለች።

እናቴ ሰው ስታዝ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ልጅቱ «እሺ እማማ» ብላ ሮጣ በቡና ኩባያ ውሃ ይዛ መጣች። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ስፌቱና መዝሙሩ ለምን እንደሚጠቅማቸው ያስረዱኝ ሰዎች አሉ፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ፣ እጅ ዕድሜ ልኩን የለመደው ነገር ስምና ቀን ከጠፋም በኋላ ቶሎ እንደማይጠፋ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን እንደ ፈረንጆቹ በ2001 በተጀመረ ጥናት፣ ዶክተር ጂን ኮኸን የሚባሉ የአረጋውያን የአእምሮ ሐኪም 80 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ሰዎች በመዘምራን ቡድን እየዘመሩ ሲከታተሏቸው ከቆዩ በኋላ፣ የዘመሩት ካልዘመሩት ይልቅ ሐኪም ቤት የተመላለሱበትም የወደቁበትም ጊዜ አንሶ ተገኘ አሉ። እንዳትሳሳቱ፣ እማዬ አልዳነችም። ትናንትም ስሜ ጠፍቶባታል። ግን ሌሊት ትተኛለች፣ ምግቧን ትበላለች፣ ማክሰኞ ጠዋት ከኔ ቀድማ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ልቤን ይነካዋል። እማዬ በሄደች ቁጥር ልጅቱን «ማን ነሽ ልጄ?» ትላታለች። እሷም በሄደች ቁጥር «ተማሪዎ ነኝ እማማ፣ ስፌት የሚያስተምሩኝ» ትላታለች። አንዳንድ ቀን አራቴም አምስቴም። አንድም ቀን «ነገርኩዎት እኮ» ብላት አታውቅም። የወለደችኝ እኔ ብያታለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ እናትሽን ያቆይልሽ። እኔ የምከፍልሽበት የለኝም።

አሁን እማዬ ለትልቋ የልጅ ልጇ ምርቃት ሙዳይ እየሰፋች ነው። አንድ ዙር ጠማማ ሆነ ብላ ሁለቴ ፈትታዋለች። እኛ ጠማማነቱ አይታየንም፣ እሷ ይታያታል።

እናት አባት ቤት ዘግታችሁ ወደ ሥራ የምትሄዱ፣ እባካችሁ አትዘግዩ፤ እኛ ሁለት ዓመት አባከንን። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ክፍያዋ አይከብድም፤ ያነሰበትንም ስታባርር አላየሁም። ብቻ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ቀድማችሁ ደውሉ። ከሀገር ቤት የሚመጣ ሰው ያላችሁ ደግሞ አክርማና አለላ አስልኩልን፣ ኤርፖርት ላይ ማስመዝገብ እንዳይረሳ ብቻ። ቀይ አለላው ሊያልቅ ነው፤ እማዬም ቀይ ካልሆነ አልሰፋም ብላለች።