ተረከዝ ሲንሸራተት ሥራውን ከፊት ለሚጀምሩ ጫማ ሰፊዎች

ይህ ምስጋና «ጫማው ከኋላ ይወልቅብኛል» ብሎ የመጣን ሰው ከተረከዙ ኋላ ውስጡን በሚለጠፍ ልጥፍ ብቻ ለማይሸኙ ጫማ ሰፊዎች ነው። እነሱ መጀመሪያ «እስቲ ጫማውን አድርገው ጥቂት ይራመዱ» ይላሉ። ከኋላ ሆነው ተረከዙን ያያሉ፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ክሩ የሚታሰርበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። ያቺ ንክኪ ናት ሥራውን የምትለየው። እግር ከላይ የሚይዘው ካጣ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ፊት ሲሄድ ከኋላ ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱ ሲፈጠር ተረከዙ በእያንዳንዱ እርምጃ ይነሳል። ባለቤቱ የሚሰማው ከኋላ ነው፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከፊት ነው። በጫማ ሥራ ውስጥ የምንውል ሰዎች ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ስናገኝ ለሌላው ማሳወቅ ስላለብን ነው የምንጽፈው።

ጎበዝ ጫማ ሰፊ ጫማውን አስወልቆም ብዙ ያነባል። የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ ብርሃን ላይ ያየዋል፤ የጣቶቹ አሻራ እስከ ጫፉ ድረስ ከደረሰ እግሩ ወደ ፊት እየሸሸ ነው ማለት ነው። ከጣቶቹ አሻራ ፊት ሰፊ ባዶ ቦታ ካለና ተረከዙ በደንብ ወደ ኋላ ተቀምጦም ጫማው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ችግሩ ቁመት ነው። ከዚያ እጁን ከትቶ የተረከዙን ገበር ይዳብሳል። ገበሩ እንደ መስታወት ከለሰለሰ መያዝ አቁሟል። በመጨረሻም ተረከዙን ከኋላ አቅፎ የሚይዘውን ጠንካራ ክፍል ከሁለት ጎን በጣቶቹ ይጨምቀዋል፤ እንደ ካርቶን ከተጣጠፈ ውስጡ ያለው ማጠንከሪያ ተሰብሯል። ጫማን ክሩን ሳይፈቱ እየረገጡ ማጥለቅ ይህንን ክፍል ከሁሉ በፊት ይገድለዋል።

ትንሽ መንሸራተት ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። አዲስ፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ የቆዳ ጫማ መጀመሪያ ላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ተረከዝ ቢያነሳ ሶሉ ገና አልታጠፍ ብሎ ነው። እግር ከጣት ሥር ይታጠፋል፣ ሶሉ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቀር ተረከዙ ይለቃል። በቤት ውስጥ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት እያደረጉ ጥቂት ቀናት ሲሄዱበት ሶሉ የመታጠፊያ መስመሩን ያገኛል፣ መንሸራተቱም ይቀንሳል። እዚህ ላይ ቸኩሎ ልጥፍ መለጠፍ ጉዳት አለው፤ ሶሉ ሲለሰልስ ጫማው ይጠብና ጣቶች ከፊት ይጋጫሉ። ይህን አውቆ «ሁለት ሳምንት ያድርጉትና ካልተስተካከለ ይመለሱ» የሚል ባለሙያ ገቢውን ትቶ እውነቱን የነገራችሁ ነው።

ቁመቱ የበዛ ጫማ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ግልጽ ነው። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር ማለት 6.67 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ነው። ከኋላ የሚለጠፍ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልጥፍ የሚሞላው የአንድ ቁጥርን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ግማሽ ቁጥር የበዛን ጫማ ልጥፍ ያስተካክላል፤ አንድ ቁጥር የበዛን ልጥፍና የውስጥ ሶል ተባብረው ሊያስታግሱት ይችላሉ፤ ሁለት ቁጥር የበዛ ጫማ ግን ምንም ቢደረግለት የሌላ ሰው ጫማ ነው።

ክር ባለው ጫማ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ምላሱ ሥር ነው። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ክሩን አጥብቃችሁ ስታስሩ የክር ቀዳዳ ያለባቸው ሁለቱ ክንፎች ተገናኝተው ከተነካኩ ከዚያ በላይ የሚጠብቅ ነገር የለም፣ ክሩ የቱንም ያህል ቢሳብ እግሩን አይነካም። ባለሙያው ፌልት ከሚባለው የታመቀ ሱፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ በምላሱ ቅርፅ ይቆርጣል፣ ከምላሱም ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳንሰዋል። ጠርዙን በስል ቢላ አጋድሞ ያሳሳዋል፤ ይህ ካልተደረገ ጠርዙ በካልሲ ላይ አልፎ እንኳ እግርን ይወጋል። ከዚያ የእግር ጀርባ ከፍ በሚልበት ቦታ ከምላሱ በታች ይለጥፈዋል። ጫማው ሲታሰር በክንፎቹ መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከታየ ልክ ነው። እግሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ተረከዙ ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። ከኋላ ምንም አልተነካም፣ ግን መንሸራተቱ ቆሟል።

ለሩጫና ለረጅም ጉዞ ጫማ ደግሞ አንዳንዶቹ ገንዘብ ሳይቀበሉ ክር ማሰር ያስተምራሉ። ከላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ያለችው ብዙ ሰው የማይጠቀምባት ተጨማሪ ቀዳዳ ለዚሁ ነው የተሠራችው። ክሩን እንደወትሮው እያጠላለፋችሁ ከመጨረሻዋ በፊት እስካለችው ቀዳዳ ድረስ ትወጣላችሁ። ከዚያ ማጠላለፉን ትታችሁ እያንዳንዱን ክር በዚያው በራሱ ጎን ባለችው የመጨረሻ ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ታስገቡና ትንሽ ቀለበት ታስቀራላችሁ። የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው ቀለበት ታሳልፋላችሁ። አሁን ከማጥበቃችሁ በፊት ተረከዛችሁን መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጉ፤ እግሩ ወደ ኋላ ይገባል። ይቺን የሚረሳት ብዙ ነው፤ እግሩ ወደ ፊት እንደሸሸ ከታሰረ ቋጠሮው የሚቆልፈው ያንኑ ስህተት ነው። ስትስቡ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታችና ወደ ኋላ፣ ወደ ተረከዙ አቅጣጫ ሳቡ፣ ከዚያ እሰሩ። የእግር ጣት ከደነዘዘ ጠብቋል፣ አላሉት።

የኋላ ልጥፍ ቦታው ሲገኝ ጥሩ ነገር ነው፤ ቦታውም ቀጭን ለሆነ ተረከዝ ነው፤ ማለትም ከፊት ልክ ሆኖ ከኋላ ለሚሰፋ። ገበሩ መጀመሪያ በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል፤ የላብና የቅባት ቅሪት ካለ ልጥፉ በሳምንት ውስጥ ተጠቅልሎ ይወርዳል። ወረቀቱ ሳይላጥ ልጥፉ ቦታው ላይ ተይዞ ጫማው ይሞከራል፣ ቦታው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። የላይኛው ጠርዙ ከጫማው ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ከፍ ካለ ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት እየፋቀ ያቆስላል። ከመሃል ወደ ጎን እየተጫነ ይለጠፋል፣ አንድ ሌሊትም ሳይደረግ ያድራል። ከጄል ይልቅ ጸጉራም ገጽ ያለውን ሱዊድ ቆዳ እንመርጣለን፤ ላብ ይመጥጣል፣ ካልሲም ይይዛል። አንዱ እግር ብቻ ከተንሸራተተ ለአንዱ ብቻ ይለጠፍ፤ የሁለት እግር መጠን ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ምስጋና የሚገባው ግን ያለቀውን ገበር የሚቀይሩት ባለሙያዎች ሥራ ነው። ያረጀውን ገበር ላዩን ሳይጎዱ በቢላ ጫፍ ፈትተው ያወጣሉ፣ የተሰበረውን ማጠንከሪያ ካለም ይተካሉ። ቀጭን የገበር ቆዳ ወስደው ለስላሳውን ፊት ወደ ጫማው፣ ሸካራውን ወደ እግር ያዞራሉ፤ መያዣው ይኸው ሸካራው ነው። የታችኛውንና የጎኑን ጠርዝ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይልጉታል፣ ከእግር በታች ደረጃ እንዳይሠራ። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ስስ አድርገው ቀብተው ይጠብቃሉ። በጣት ጀርባ ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ያህል። እርጥቡን ማጣበቅ ትልቁ ስህተት ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ታፍኖ ይቀርና በእግር ሙቀት ይለቃል። ከመሃል ጀምረው ሽብሽብ እንዳይዝ ወደ ጎን እየገፉ ያሳርፉታል፣ በመዶሻ ቀለል አድርገው ይመቱታል፣ ከላይ ጠርዙን በድሮው የስፌት ቀዳዳ ውስጥ ይሰፉታል። አዲስ ቀዳዳ ካበዙበት ቆዳው እንደ ፖስታ ቴምብር በቀዳዳው መስመር ይቀደዳልና። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ አይደረግም። እንዲህ የተሠራ ጫማ ተረከዙን ሲይዝ በጆሮ ሳይቀር ይታወቃል፤ ያ «ጧ ጧ» የሚለው የተረከዝ ድምፅ ይጠፋል።

ክር የሌለው ባለ ታኮ ጫማ ሌላ ነው። ቁልቁለት ስላለው ሰውነት እግሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ስለዚህ የፊተኛው እግር በሚረግጥበት ቦታ፣ ከጣቶች ሥር፣ ቀጭን ማቆሚያ ይደረጋል፣ ከኋላ መጨመር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ሞካሲን፣ ማለትም ያለ ክር የሚጠለቅ ዝቅተኛ ጫማ፣ ከሆነ ፌልቱ ከላይኛው ቆዳ በታች ይገባል። ከኋላ ማሰሪያ ላለው ጫማ አንድ ቀዳዳ መጨመር ይበቃል።

ደግ አስበው የሚያበላሹም አሉ። ከተረከዙ ሥር ብቻ ወፍራም ስፖንጅ መክተት እግሩን ከተረከዝ ቤቱ ያወጣዋል፣ መንሸራተቱም ይብሳል። ፈጣን ሙጫ ደርቆ እንደ ሸክላ ይሆናል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ጫማን ውኃ ውስጥ ነክሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቆዳውን ያደርቃል፣ ሶሉን ያላቅቃል እንጂ ቁጥር አይቀንስም። በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ደግሞ ቁስሉ ሳይሰማቸው ሊብስ ስለሚችል ማናቸውንም ልጥፍ ከማስገባታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

እንግዲህ ወደ ጫማ ሰፊ ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ካበጠ በኋላ ሂዱ። ሁለቱንም ጫማ ያዙ፣ በዚያ ጫማ የምታደርጉትንም ካልሲ አድርጉ። «ልጥፍ ለጥፉልኝ» አትበሉ፤ «ስራመድ ይወጣል» ብላችሁ ለእሱ ተዉለት። እግራችሁን ሳያይ ዋጋ የሚነግራችሁን ተዉት፤ የሚያስራምዳችሁን፣ ምላሱን የሚነካውን፣ ፌልቱን ከመለጠፉ በፊት ሳያጣብቅ አስገብቶ የሚያስሞክራችሁን ያዙት፣ ለሌላውም ጠቁሙት። ጫማው ልካችሁ ካልሆነ «ይህ አይሠራም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ» ብሎ የሚመልሳችሁንም እንዲሁ።

በወስፌና በቢላ፣ ለጥቂት ሚሊ ሜትር ስትጨነቁ ለምትውሉ ሁሉ፦ እጃችሁ ይባረክ።