በባሕር ዳር ቤቴ ጊታር የምቀዳበት ሳውንድ ካርድ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳጥን፣ ገዝቼ ጃዝ ፊውዥን (ጃዝን ከሌላ ሙዚቃ ጋር የሚያዋህድ ስልት) በጊታር ቤቴ ውስጥ መቅዳት ከጀመርኩ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሊሞላ ነው። ዕቃ በተገዛበት ሳምንት የሚጻፍ አስተያየት ብዙም አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያምራል። አሁን የሳጥኑ ቀለም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተፍቋል፤ የት ላይ እንደሚያስተማምንና የት ላይ እንደሚያስቸግር አውቄዋለሁ። የአምራቹን ስም አልጠራም። በዚህ የዋጋ ደረጃ ያሉ ሳውንድ ካርዶች በመሠረታዊ አሠራራቸው ስለሚመሳሰሉ የምለው ለአብዛኞቹ ይሆናል።

ፍርዴን ላስቀድም። የዚህ ዕቃ ትልቁ ውለታ ሰሚዎቼ የሚሰጡኝን አስተያየት መለወጡ ነው። ቀድሞ ስልኬን አምፕሊፋየር ፊት አስቀምጬ በምቀዳበት ጊዜ የሚመለስልኝ መልስ ሁሉ ስለ ቀረጻው ነበር፦ «ሩቅ ነው»፣ «ይሰነጠቃል»፣ «ከኋላ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»። አሁን ሰዎች የሚነግሩኝ ስለ ጨዋታው ነው። የትኛው ሐረግ እንደረዘመባቸው፣ የትኛው ኮርድ እንደጎረበጣቸው፣ የት ላይ ሲደርሱ መልሰው እንደሰሙት ይነግሩኛል። ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ለማያውቀው ሰው አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒካፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ የሚያወጣው ምልክት ደካማ ነው፤ በተራ የማይክሮፎን ወይም የላይን መግቢያ ሲገባ ቀጭኑና ጥርት ያለው የድምፁ ክፍል ይታፈናል። ሳውንድ ካርዱ ላይ «ኢንስት» (ኢንስትሩመንት፣ መሣሪያ ለማለት) የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱ ሲጫን የመግቢያው ተቃውሞ ወደ 1 ሜጋኦም ገደማ ከፍ ይልና ጊታሩ ከነሙሉ ድምፁ ይገባል። ከዚያ ምልክቱ በ24 ቢት ወደ ቁጥር ተለውጦ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። በ24 ቢት ሲቀዳ ድምፁን እስከ ጫፍ መግፋት አያስፈልግም። እኔ ኃይለኛው ምት ዜሮ ከሚባለው የመጨረሻ ጫፍ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ አስተካክዬ ማዞሪያውን አልነካውም።

ባሕር ዳር ላይ ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ሰው ዋናው ጠላት የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሮ ሲመጣ፣ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ ካልተጯጯሁ አይሰማሙም። አምፕ ፊት ማይክሮፎን ያቆመ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ካባራ በኋላም የባጃጅ ጡሩንባ፣ የጎረቤት ሕፃን ልቅሶና ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማው የቅዳሴ ዜማ በየተራ ይደርሳሉ። የጊታሩን ገመድ ቀጥታ ሳውንድ ካርዱ ላይ የሰካ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ፒካፕ በአየር የሚመጣ ድምፅ አይሰማም፤ የሚያውቀው ከፊቱ የሚንቀጠቀጠውን የብረት ክር ነው። የአምፑን ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ይተካዋል። ጣሪያው ላይ ዶፍ እየወረደ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ክረምቱን ሙሉ ቀድቻለሁ፤ በአንዱም ቀረጻ ላይ የዝናብ ጠብታ አይሰማም። ለዚህ ብቻ እንኳ ዕቃውን እገዛው ነበር።

ሌላው ያልጠበቅኩት ደስታ መብራት ሲጠፋ የመጣ ነው። ሳውንድ ካርዱ የራሱ ቻርጀር የለውም፤ የሚያስፈልገውን 5 ቮልት ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ይወስዳል። ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሥራው አይቋረጥም። ከዚያም በላይ በጣም የጸዱት ቀረጻዎቼ መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች የተቀዱት ናቸው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው፤ የእኔ ጊታር ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ፒካፕ ስላለው ከማቀዝቀዣው፣ ከአምፖሉና ከቻርጀሩ ይህንኑ እየለቀመ ያጉረመርማል። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ጉርምርምታው ድራሹ ይጠፋል። መብራት ባለበት ቀንም ቢሆን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ብዙ ያቀለዋል፤ በተለይ ሶኬቱ ኧርዝ በሌለው ቤት ውስጥ ይህን ሳያደርጉ መቅዳት ድካም ነው።

ስለ መዘግየትም፣ ክሩ ተመትቶ ድምፁ ጆሮ እስኪደርስ ስለሚፈጀው ጊዜ፣ ልናገር፤ ፈጣን ሐረግ የሚጫወት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያጠራቅምበትን ቋት) 128 ሳምፕል ላይ ሳደርገው አንዱ በፈር ወደ 2.7 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል፤ የመግቢያውና የመውጫው፣ የድራይቨሩም ተደምሮ ወደ 10 ሚሊሴኮንድ ይጠጋል። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሴኮንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ከአምፕ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ቆሞ እንደመጫወት ነው። እጄ አይሰናከልም። የሚሻለው የአምራቹን የራሱን አሲዮ ድራይቨር (ዊንዶውስ ላይ መዘግየትን የሚቀንስ ፕሮግራም) መጫን ነው። በፈሩን ወደ 64 ዝቅ ሳደርገው አሮጌው ላፕቶፔ ኮሽ ኮሽ ማለት ስለሚጀምር ትቼዋለሁ።

የምቀዳበት ፕሮግራም ሪፐር ነው። መጫኛ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በደካማ ኢንተርኔት ይወርዳል፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር አይከብድም፣ 60 ቀን በነጻ ያስሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ለግል ተጠቃሚ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ዶላሩን ከዚህ ሆኖ መክፈል ግን ቀላል አይደለም።

ቅሬታ የለኝም አልልም። የጆሮ ማዳመጫ መውጫው አቅም አነስተኛ ነው፤ ተቃውሞው ከፍ ያለ ማዳመጫ ሲሰካበት ቮሊዩሙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም አይጠግብም። ከሳጥኑ ጋር ይሰጣሉ የተባሉት ፕሮግራሞች ሁሉ በኢንተርኔት መመዝገብን ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ብዙ ጊጋባይት ስለሆኑ እስከ ዛሬ አላወረድኳቸውም። ከሁሉም የከፋው የዩኤስቢ መሰኪያው ነው። ከወራት በኋላ እየላላ መጣና ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ቀረጻው ይቋረጥ ጀመር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን የሰፈራችን ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ከመሰኪያው እግሮች አንዱ ከሰሌዳው ተላቆ ነበር። መልሶ በየደው፤ ከዚያ ወዲህ ገመዱን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሬ ስለማስቀምጠው መሰኪያው አይጎተትም። ይህን ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገመዱን እንዲያስር እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰሚው።

የአምስት ደቂቃ ሙዚቃ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ዌቭ ሆኖ 86 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ያንኑ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ካደረግኩት 12 ሜጋባይት ነው። ለአብዛኛው ሰሚ የምልከው ኤምፒ3ውን ነው፤ በቴሌግራም ሲላክ ግን የድምፅ መልእክት ሆኖ ሳይሆን ፋይል ሆኖ መሆን አለበት። የድምፅ መልእክት ለንግግር ተብሎ ስለሚጨመቅ የግራና የቀኙን ልዩነት ይደመስሰዋል፤ ኮረስና ዲሌይ የሚባሉት የድምፅ ማስፊያ ኢፌክቶች ተጨፍልቀው ይቀራሉ። ኔትወርክ በሚደክምበት ጊዜ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እንዲያውም ከፍላሽ የሰሙ ሰዎች የሚሰጡት አስተያየት ይበልጥ ይረዝማል፤ ፍላሹን ሊመልሱ ሲመጡ ቡና ይፈላል፣ ቁጭ ይባላል፣ ስለ ሙዚቃው ይወራል።

ብዙ ሰው የሚሰማው በስልኩ ስፒከር ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፣ የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ኸርዝ፤ የስልክ ስፒከር ሁለቱንም ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ቤዙ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) እጨምራለሁ፤ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉት ሃርሞኒኮች ጎልተው ሲሰሙ ጆሮ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ሁለተኛው መፈተኛዬ ባጃጅ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ ይነዳል፤ ከፔዳ እስከ ጊዮርጊስ እየተመላለሰ በፍላሽ ያጫውተዋል። ሞተሩ እየጮኸ ዜማው ተለይቶ ከተሰማው ሚክሱ (የድምፆቹ ውህደት) ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ ልጅ ያገኘሁት አስተያየት ውድ ስቱዲዮ ካላቸው ሰዎች ካገኘሁት አይተናነስም፦ «ድራሙ ገና ሲገባ ተሳፋሪው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ሶሎው ሲረዝም ስልኩን ያወጣል።» ሶሎውን አሳጠርኩት።

አስተያየት ሲጠየቅ አጠያየቁ ብዙ ነገር ይወስናል። «እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቅ የሚመለስልኝ ምርቃት ነው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ይበርቱ፣ ግን አያሠራኝም። «የት ላይ ሰለቸህ?» ወይም «የትኛው ቦታ ትዝ ይልሃል?» ስል ግን ሰው አስቦ ይመልሳል። «ዘፋኙ መቼ ይገባል?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ይህን ጥያቄ በአክብሮት ነው የምቀበለው፤ ዜማው ብቻውን ታሪኩን አልነገረኝም ማለታቸው ነው። ጊታር የዘፋኝን ያህል መናገር እንደሚችል ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ፣ ግሩም መዝሙርም ከእሱ በኋላ አሳይተውናል። ከውጮቹ የጃዝ ፊውዥን ጊታሪስቶች ከጆን ማክላፍሊንና ከጆን ስኮፊልድ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ሐረግን እንደ ቃል አድርጎ መጫወትን ግን ከእነዚህ ከራሳችን ሰዎች መስማት ያስፈልጋል።

ከሁሉም የጠቀመኝ አስተያየት የመጣው ግን ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች አዛውንት ነው። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ የሠራሁትን አሰማኋቸው። አንቺ ሆዬ ከሲ (C) ስንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዲ ፍላት፣ ኤፍና ኤ ብቻቸውን ሲመቱ ኦግመንትድ ኮርድ (በድምፆቹ መካከል እኩል ርቀት ያለው ኮርድ) ይወጣል፤ ለፊውዥን ተጫዋች ይህ የተከፈተ በር ነው፣ ከዚያ ወደ ብዙ ኮርድ መሸጋገር ይቻላል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ኮርድ ጋር ሲያጋጥም የተጋፈጠው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ ኮርዱ ሲበዛ ቅኝቱ ጠባዩን እንዳያጣ። አዛውንቱ ስለ ኮርዱ ምንም አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ልጄ፣ ሁለተኛዋን ድምፅ ረግጠሃት ታልፋለህ፤ እሷ እኮ የምታለቅሰዋ ናት፤ ተጠግተህ ያዛት» አሉኝ። ከዚያ ማሲንቋቸውን አንስተው አሳዩኝ። ማሲንቆ ፍሬት (የጊታር አንገት ላይ ድምፆቹን የሚለያዩ ብረቶች) የለውም፤ ጣታቸው ከታች ተነስቶ ወደ ድምፁ በዝግታ ሲሳብ፣ ሲደርስም ትንሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጊታር ላይ ይህ የሚገኘው ክሩን በመሳብ ነው። ድምፁን ከፍሬቱ ላይ ከመምታት ይልቅ ከሲው ክሩን ስቤ ወደ ዲ ፍላት መግባት ጀመርኩ፤ ሙዚቃው ያን ቀን ሌላ ሆነ።

በስልክ የተቀዳ ቢሆን ኖሮ እኚህ ሰው ይህን አይሰሙትም ነበር። የጣት አነካክ፣ ክሩ ተይዞ የሚቆይበት ቅጽበት፣ ድምፅ ከድምፅ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሚሰማው ምልክቱ ንጹሕ ሲሆን ነው። እኔ ይህን ሳጥን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመግዛት ለሚያስቡ፦ ጊታር ብቻ ከሆነ የምትቀዱት ባለ አንድ መሣሪያ መግቢያው ይበቃችኋል፤ የተረፈውን ብር ለጥሩ ገመድና ለጆሮ ማዳመጫ አውሉት። መደብር ውስጥ ስትገዙ የዩኤስቢ መሰኪያውን ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ኢንስት ቁልፍ መኖሩን፣ ለኮምፒውተራችሁ ድራይቨር ያለው መሆኑንም አረጋግጡ። ሐይቁ አጠገብ ለምንኖር ደግሞ እርጥበቱ ለጃክና ለክር አይበጅም፤ ሥራ ሲያልቅ ሸፈን ማድረግ ነው።

እኔ ባለ ሁለት መግቢያውን በመምረጤ ደስ ብሎኛል። ሁለተኛው መግቢያ እስካሁን ብዙ ሥራ አልነበረውም፤ አሁን ግን አዛውንቱ መጥተው አብረውኝ ሊጫወቱ ቃል ገብተዋል። ማሲንቆ ፒካፕ ስለሌለው ማይክሮፎን ያስፈልገዋል፤ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚፈልገውን 48 ቮልት ሳውንድ ካርዱ ይሰጣል። ማይክሮፎን ዝናብ ስለሚሰማ ቀጠሯችን ጥቅምት ላይ ነው። የማይክሮፎን መግቢያው ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደሆነ ያን ጊዜ እጽፋለሁ።